የማፋልዳ ሳቅ

አንዲት ትንሽ ልጅ መዝገበ ቃላት ገልጣ ዴሞክራሲ ምን ማለት እንደሆነ ታነባለች። የሥልጣን ባለቤት ሕዝቡ የሆነበት አስተዳደር ነው ይላል። ካነበበች በኋላ መሳቅ ትጀምራለች፤ መሽቶ አልጋዋ ውስጥ ከገባች በኋላም ሳቋ አልቆመም። ማፋልዳ ትባላለች፤ የፈጠራት አርጀንቲናዊው ሠዓሊ ኪኖ ነው።

ይህ ካርቱን ስለ አርጀንቲና መንግሥት አንድም ቃል አይናገርም። በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቦነስ አይረስ አንባቢ ጦሩ በ1962 አንድ ፕሬዚዳንት፣ በ1966 ደግሞ ሌላ ፕሬዚዳንት ሲያወርድ በዓይኑ አይቷል፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። የኪኖ ብልሃት የሚታየው በጊዜ አያያዙ ነው። ሳቁ በአንድ ክፈፍ ቢያልቅ ኖሮ ተራ ቀልድ በሆነ ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ገፋበት፤ ሳቁ በረዘመ ቁጥር ክስ እየሆነ ይመጣል። ክሱን የሚያነበው ደግሞ ሠዓሊው ሳይሆን አንባቢው ነው።

ኪኖ መስመር አያባክንም። ማፋልዳ ስትጮኽ አፏ ፊቷን ይውጠዋል። ሊበርታድ የምትባለውን ጓደኛዋን፣ የስሟ ትርጉም ነፃነት ነው፣ እጅግ አሳንሶ ሣላት፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ ብቅ ባለች ቁጥር ሐሳቡ ያለ ማብራሪያ አብሯት ይገባል። የማፋልዳ ኤሊ ስሟ ቢሮክራሲ ነው። ማፋልዳ አጥብቃ የምትጠላው ሾርባም በጉልበት የሚጫን አገዛዝ ምሳሌ መሆኑን ኪኖ ራሱ ተናግሯል።

እንዲህ ያለው አጭር ካርቱን ግን ወሰን አለው። ሰው በእሱ ውስጥ አያድግም። የማፋልዳ ጓደኛ ሱዛኒታ ሁልጊዜ ትዳርና ልጅ ታልማለች፣ ሌላው ጓደኛዋ ማኖሊቶ ሁልጊዜ የአባቱን ሱቅ ያስባል፤ ቢለወጡ ቀልዱ ይፈርሳል። ካርቱኖቹ የተሰበሰቡበትን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ የሚያነብ ሰው ሾርባው ተመልሶ እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል። ለቤት ዕቃ ማስታወቂያ ታስባ በ1964 መጽሔት ላይ የወጣችውን ልጅ ኪኖ በ1973 ያቆማት ራሱን መድገም ስላልፈለገ ነው። ተወዳጅነቷ በገነነበት ሰዓት እንዲህ ማድረጉ ከሥዕሎቹ የማይተናነስ የሙያ ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ሌላው ወሰን መራራ ነው። ማፋልዳ የፖሊስን ዱላ እያመለከተች የሰውን አስተሳሰብ ለመቀጥቀጥ የተሠራ መሆኑን የምትናገርበት ሥዕል በፖስተር ታትሞ ነበር። ሐምሌ 4 ቀን 1976፣ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን፣ ታጣቂዎች በቦነስ አይረስ የሳን ፓትሪሲዮ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ካህናትና ሁለት የክህነት ተማሪዎች ገደሉ። ያንን ፖስተር ከአንዱ ክፍል ግድግዳ አንስተው ከአስከሬኖቹ በአንዱ ላይ አኖሩት። ገዳዮቹ ቀልዱ በትክክል ገብቷቸው ነበር፤ መግባቱ ግን እጃቸውን አልያዘውም። ኪኖ በዚያው ዓመት ወደ ሚላን ተሰደደ።

ስለዚህ ስላቅ ጨቋኝን ይጥላል ሲባል አልቀበልም። በጥቂት ክፈፎች ውስጥ ያን ያህል እውነት በማስቀመጥ ግን የመዝገበ ቃላቷን ሳቅ የሚያህል ረጅም መጣጥፍ አላነበብሁም።