«ቁጣ ያሻሽላል፤ ምስጋና ያበላሻል» ስለሚለው እምነት፦ በዳንኤል ካህነማን መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ አስተሳሰብ ስሕተቶች የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት መንገድ አንድ ነው። ስሕተቶቹን እየለዩ ስም ያወጡላቸዋል፤ ለእያንዳንዱም ምሳሌ ይጠቅሱለታል፤ አንባቢውም ዝርዝሩን ካጠና በኋላ የሌላውን ሰው ንግግር እያዳመጠ የስሕተቱን ስም መጥራት ይጀምራል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ለብዙ ዓመታት እንዳስተዋለው፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ የሥነ አመክንዮ ትምህርት የሚያስገኘው ውጤትም ከዚህ እምብዛም አይለይም። እጩ መምህሩ «ከዚያ በኋላ ሆነ፤ ስለዚህም በዚያ ምክንያት ሆነ» የሚለውን ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ ለይቶ ያወጣዋል። ለማስተማር ልምምድ ክፍል ሲገባ ግን ያንኑ ስሕተት ሳያውቀው ይፈጽመዋል፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ ስሕተቱ ስሙን በግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም።

ፕሮፌሰር ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት «ፈጥኖና ቀስ ብሎ ማሰብ» የተባለው መጽሐፍ መመርመር ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉ የሥነ ልቡና ሊቅ ናቸው። በመጽሐፉ ከቀረበው ሐሳብ አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1996 ከሞቱት የሥራ ባልደረባቸው ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር በመተባበር የተገኘ ነው። መጽሐፉ 38 ምዕራፎች አሉት። ለመምህር የሚበጀውን አንድ ምዕራፍ ብቻ ምረጥ ብባል፣ 17ኛውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

በዚህ ምዕራፍ ጸሐፊው ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎች ንግግር ያደረጉበትን ቀን ያነሣሉ። መሻሻልን መሸለም ስሕተትን ከመቅጣት የበለጠ እንደሚያስተምር ሲያስረዱ፣ አንድ ልምድ ያለው አስተማሪ ተነሥቶ ተቃወማቸው። ጥሩ በረራ ያሳየውን ሠልጣኝ ባመሰገነው ቁጥር በሚቀጥለው ሙከራ እንደሚያንስ፣ ያበላሸውን በጮኸበት ቁጥር ግን እንደሚሻሻል አስረዳ። አስተማሪው አልዋሸም፤ ያየውም ነገር በእርግጥ የሆነ ነው። የተሳሳተው ምክንያቱን በመስጠት ላይ ነው። አንድ ሠልጣኝ ከወትሮው እጅግ የላቀ በረራ ያሳየበት ቀን ችሎታው ብቻ ሳይሆን የአጋጣሚው ሁሉ መቃናት የረዳው ቀን ነው፤ አጋጣሚ ደግሞ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይታዘዝም። በማግስቱ ወደ ወትሮው ደረጃ ዝቅ ማለቱ የማይቀር ነው፤ ተመሰገነም አልተመሰገነም። ከወትሮው በታች የሆነውም እንዲሁ ከፍ ይላል፤ ተቆጡትም አልተቆጡትም።

የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ይህን «ወደ አማካይ መመለስ» ይሉታል። ነገሩን በመጀመሪያ በቁጥር ያሳየው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጽሮ፣ የረጃጅም ወላጆች ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም በአማካይ ከወላጆቻቸው ለሰፊው ሕዝብ ቁመት የቀረቡ መሆናቸውን አገኘ።

በእኛ አገር ይህን ክስተት ያላየ መምህር የለም፤ የምንሰጠው ምክንያት ብቻ ይለያያል። አንድ ልጅ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንደኛ ወጥቶ በሁለተኛው ስምንተኛ ቢሆን፣ ወላጆቹ «ዓይን በላው» ይላሉ፤ ነገሩ ከደጋገመም «ዓይነ ጥላ አለበት» ተብሎ ጠበል ይወሰዳል። መምህሩ በበኩሉ «ስናመሰግነው ተዝናና» ይላል። መምህሩ በወላጆቹ ግምት ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን የሁለቱ አስተሳሰብ አወቃቀር አንድ ነው። ሁለቱም ምክንያት የማያስፈልገው ለውጥ ላይ ምክንያት ፈልገው ለጠፉበት።

ካህነማን አስተማሪዎቹን ለማሳመን ያደረጉት ቀላል ሙከራ ነበር። በወለሉ ላይ በጠመኔ ዒላማ ሥለው፣ እያንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት ሳንቲሞችን ተራ በተራ እንዲወረውር አደረጉ፤ በመጀመሪያው ውርወራ የቀናቸው አብዛኞቹ በሁለተኛው ራቁ፤ ያልቀናቸውም ቀረቡ። ለትምህርት ቤቶቻችን ከዚህ ይልቅ ጉዳዩን በግልጽ የሚያሳየው የሚከተለው ይመስለኛል። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ መምህሩ ያላነበበላቸውን 20 «እውነት ወይም ሐሰት» ጥያቄዎች ሳንቲም እየጣሉ ይመልሱ፤ ዘውድ ሲወጣ እውነት፣ ጎፈር ሲወጣ ሐሰት። በላይ የሚገኙት አሥር ልጆች 13 ወይም 14 ያህል፣ በታች የሚገኙት አሥሩ 6 ወይም 7 ያህል ያገኛሉ። መምህሩ የላይኞቹን አስጨብጭቦ ያመስግን፤ የታችኞቹን አቁሞ በብርቱ ይገሥጽ። ከዚያም ሌላ 20 ጥያቄ በዚያው በሳንቲም ይመለስ። የሁለቱም ቡድኖች አማካይ ወደ 10 ይጠጋል፤ ከተገሠጹት አብዛኞቹ «ተሻሽለዋል»፤ ከተመሰገኑት አብዛኞቹ «ሰንፈዋል»። ሳንቲሙ ግን ቁጣውን አልሰማም።

ይህ ለጨዋታ ያህል የሚነገር አይደለም። የምናመሰግነው ልጁ ጥሩ በሠራ ጊዜ፣ የምንቆጣው ባጠፋ ጊዜ ስለሆነ፣ የዕለት ተዕለት ልምዳችን ምስጋና እንደሚያበላሽና ቅጣት እንደሚያርም ዘወትር በሐሰት ይመሰክርልናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉን የሚያውቅ መምህር አርጩሜውን የሚያነሣው ከክፋት ላይሆን ይችላል፤ «በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ይሠራል» ከማለት ሊሆን ይችላል። ይህን መምህር አንቀጹን ደጋግሞ ማንበብ አያሳምነውም። የዓይኑ ምስክርነት ለምን እንደሚያታልለው ማሳየት ግን ሊያሳምነው ይችላል።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ምዕራፉን የሚያነብ ሰው «ምስጋና ከቅጣት እንደሚበልጥ ተረጋገጠ» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። የአስተማሪው ታሪክ ይህን አያረጋግጥም፤ የሚያደርገው ለቅጣት ይቀርብ የነበረውን ማስረጃ ውድቅ ማድረግ ብቻ ነው። የምስጋና ጥቅም በሌላ ጥናት መታየት አለበት። ጸሐፊው ሌላ ማስረጃ መኖሩን ቢጠቁሙም የሁለቱን ልዩነት በበቂ አላጎሉትም። ሁለተኛው ነቀፌታ የበለጠ ይከብዳል። በ4ኛው ምዕራፍ፣ ሰው አንድ ቃል ወይም ሥዕል በማየቱ ብቻ ሳያውቀው ድርጊቱ እንደሚለወጥ የሚናገሩ ጥናቶችን ለክርክር ቦታ በማይተው እርግጠኝነት አቅርበዋል። በኋላ ከእነዚህ በርካታዎቹ ሲደገሙ ውጤታቸው አልተገኘም፤ ካህነማንም እ.ኤ.አ. በ2017 በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከሚገባው በላይ መተማመናቸውን በጽሑፍ አምነዋል። ተመራማሪዎች ከትንሽ ናሙና ትልቅ መደምደሚያ እንዳያወጡ እ.ኤ.አ. በ1971 ከትቨርስኪ ጋር ሆነው ያስጠነቀቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እንግዲህ የስሕተቱን ስም ያወጣው ሰው እንኳ ከስሕተቱ ካላመለጠ፣ የስሞች ዝርዝር ማስጠናት ለእጩ መምህራን ምን ያህል እንደሚጠቅም አንባቢው ይመዝነው።

ከመምህሩ ይልቅ በዕቅድ አውጪው ዘንድ ስሕተቱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ መጽሐፉም በዚህ ረገድ ለትምህርት ባለሙያ የሚሰጠው ጥቂት ነው። የቺሊ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 «የ900 ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም» የተባለውን ዕቅድ ሲጀምር፣ ርዳታ የሚሰጣቸውን ትምህርት ቤቶች የመረጠው በ1988 ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት ነው። ውጤታቸው ከፍ አለ፤ ፕሮግራሙም ተመሰገነ። ኬኔት ቼይ፣ ፓትሪክ ማክዩዋንና ሚጌል ኡርኪዮላ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ከታየው ዕድገት ብዙው ወደ አማካይ መመለስ እንደነበረ አሳዩ። ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ በዚያ ዓመት ያልቀናቸው እንጂ ዘወትር ደካማ አልነበሩም። የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ተቀንሶ እንኳ ፕሮግራሙ እውነተኛ ጥቅም ነበረው፤ መጠኑ ግን ከተነገረለት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥናቱ «ከንቱ ነበር» ለሚለውም «ድንቅ ነበር» ለሚለውም አይመችም።

ደካማ ተማሪዎችን በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት መርጦ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ሁሉ በትንሹ ይህንኑ የቺሊን ጥያቄ ይዞ ይቀመጣል። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ካሉት፣ ማንኛውም ፕሮግራም፣ ምንም ያልተማረበት እንኳ ቢሆን፣ የተሳካ መስሎ ይታያል። ሦስተኛ ዓምድ መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በዚያው ፈተና ተመሳሳይ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙ፣ ነገር ግን ቦታ በመጥበቡ ወይም ተራ ባለመድረሱ የማጠናከሪያ ትምህርቱን ያልወሰዱ ተማሪዎች በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ያገኙት ውጤት የሚመዘገብበት ዓምድ። ቁጥሩ በየትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል።