«የመሪ ቡሽ» ወይስ የካሊፐር ማንሸራተቻ? ስለ አንድ የፍሬን መመሪያ ትርጉም

የፍሬን ካሊፐርን ላስቲኮች በነሐስ ለመተካት የተዘጋጀ አንድ የመግጠሚያ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ለማየት ችለናል። ገጾቹ ጥቂት፣ ዐረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። ይሁን እንጂ የሚነካው ፍሬንን በመሆኑ፣ በስያሜ ረገድ የሚታየውን ጉድለት በዝምታ ማለፍ አይቻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ የቤት መኪናዎች፣ ለምሳሌ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠራው ቢ.ኤም.ደብልዩ. ኢ36 ላይ፣ የፊቱ ካሊፐር ተንሳፋፊ ነው፤ ፒስተኑም አንድ ብቻ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል፤ ካሊፐሩም በአጸፋው በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጩን ሸራ ይስባል። ፒኖቹ የሚያልፉባቸው እጅጌዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ላስቲክ ናቸው። ላስቲክ ይለመጣልና ግፊት ሲበረታ ካሊፐሩ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ሸራውም በአንድ ወገን ይሳሳል። በነሐስ የሚተኩትም ይህን ለማስቀረት ነው።

ተርጓሚው እነዚህን ክፍሎች «የመሪ ፒን»፣ «የመሪ ቡሽ» ብሏቸዋል። የእንግሊዝኛው ቃል መምራትን ስለሚያመለክት ከሥርወ ቃሉ አንጻር ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ቃሉ አስቀድሞ ተይዟል። በጋራዥ ውስጥ መሪ ማለት ሾፌሩ በእጁ የሚያዞረው ነው። «የመሪውን ቡሽ ፍታ» የተባለ ረዳት ወደ ፍሬኑ ሳይሆን ወደ መሪው ዘንግ ይሄዳል፤ አይፈረድበትም። በእኛ አስተያየት «የካሊፐር ማንሸራተቻ ፒን» ማለት ይሻላል። መንሸራተት ከፍሬን ጋር ሲነሣ የመኪናውን በጭቃ መንሸራተት ያሳስባል የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። ሆኖም ማንሸራተቻ የመሣሪያ ስም ነው፤ «የካሊፐር» የሚለውም ሲቀድመው የሚያሻማ ነገር አይቀርም።

ካሊፐርን እንዳለ መተዉ ግን የሚያስመሰግነው ነው። ፈረንሳዮች ይህን ዕቃ እርካብ፣ ጀርመኖች የፍሬን ኮርቻ፣ ጣልያኖች ደግሞ ፒንሳ ይሉታል። ፒንሳ እኛ ዘንድ ለጉጠት ገብቷል። ሁለት ሕዝቦች ስሙን ከፈረስ ዕቃ እንደወሰዱ ያየ ሰው እርካብ ለማለት ሊቃጣ ይችላል፤ ምሳሌው ያማረ ቢሆንም መካኒክ የሚቀበለው አይመስለንም።

ስለ ቡሽ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው ላስቲኩንም ነሐሱንም በአንድ ቃል ይጠራል። የእኛ ጋራዥ ግን ከጣልያንኛ በወሰደው ቃል የላስቲኩን ጎሚኒ ብሎ ለይቶታል፤ ቡሽ ለብረቱ ይቀራል። ስለዚህ «የላስቲክ ቡሽን በነሐስ ቡሽ መለወጥ» የሚለው ሐረግ በእጅ ያለውን ልዩነት አጥፍቶ ሌላ ማሻማት ያመጣል፤ የላስቲክ ቡሽ የጠርሙስ ውታፍም ነውና። «ጎሚኒውን በነሐስ ቡሽ መተካት» ቢባል ጉዳዩ ባለቀ ነበር። የሙያ ቃል ፈጣሪ ከመዝገበ ቃላት በፊት ጋራዥ መግባት አለበት ስንል የኖርነው ለዚህ ነው።

«ደረጃ ማሳደግ» የተባለውም ያጠራጥራል። መመሪያው የተጻፈው ለውድድር መኪና ሳይሆን ለዘወትር መኪና ነው። (እንግሊዝኛው የመንገድና የመኪናን ስም ገጥሞ ሲጽፍ የከተማ ባቡር ማለትም ይሆናል፤ ተርጓሚው እዚህ ወጥመድ ውስጥ አልገባም።) በዘወትር መኪና ላይ ነሐስ ትርፍም ኪሳራም አለው። የፔዳሉ ስሜት ጠንከር ይላል፤ ነገር ግን ንዝረት የሚያበርድ ላስቲክ ስለማይኖር ካሊፐሩ ሊንኳኳ ይችላል፤ አቧራና ጭቃ ሲገባም ፒኑ ይያዛል፤ ቶሎ ቶሎ መጽዳትና መቀባት አለበት። «መለወጥ» የሚለው ቃል ፍርዱን ለባለ መኪናው ይተውለታል።

ከሁሉ የከፋው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ዋናው ጽሑፍ ጎሚኒውን ለሚያቆዩ ሰዎች የሲሊኮን ግሪስ ያዛል፤ ትርጉሙ ግን «ግሪስ ይቀቡ» ብሎ አልፏል። ቃሉ ባዶውን ሲቆም መካኒኩ የሚያነሣው በመደርደሪያው ላይ ያለውን፣ ለኩሽኔታ የሚጠቀምበትን የማዕድን ዘይት ግሪስ ነው። የፍሬን ላስቲክ ይህን ሲነካ ያብጣል፤ ያበጠው ጎሚኒ ፒኑን ይይዘዋል፤ ሸራውም ከዲስኩ አልላቀቅ ብሎ ይግላል። የተዘለለው አንድ ቅጽል ነው፤ በሚቀጥለው ኅትመት ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እንኳ «የሲሊኮን» የሚለው ቃል በቦታው መግባት ይኖርበታል።