ቀሪውን የማይጥል መኪና፦ የኦድነር ማስያ ከአሰላ ሲታይ

የድሮ የሒሳብ መኪና ሰብሳቢዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ኩርታን ነው። ኦስትሪያዊው ኩርት ሄርትስታርክ በናዚ የማጎሪያ ካምፕ በቡኸንቫልድ ሳለ ንድፉን ያዳበረው፣ ከጦርነቱ በኋላ ሊሽተንሽታይን ውስጥ የተመረተው ይህ በመዳፍ የሚያዝ ማስያ በትንሽነቱም በታሪኩም ተወዷል። መወደዱን አልነቅፍም። ብርቅነትንና ውበትን ብቻ የሚመዝን አድናቆት ግን መኪናው የትኛውን ስሌት አሳምሮ እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ያልፋል። ለአርሲ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ያን ያህል ብርቅ ያልሆነው ኦድነር ነው።

ስዊድናዊው ቪልጎት ኦድነር ይህን ባለ መዘውር መኪና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በሴንት ፒተርስበርግ ፈለሰፈ፤ ከሩሲያ አብዮት በኋላ ምርቱ ወደ ስዊድን፣ ወደ ጎተንበርግ ተሻገረ። በአርሲዋ ከተማ በአሰላ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት ሲቋቋም የስዊድን ቢሮዎች ገና በኦድነርና ፋሲት በተባሉ ማስያዎች ያሰሉ ነበር። ካዱ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር ሰጥቷል፤ የምርትና የቤተሰብ ጥናቶቹንም በሰንጠረዥ አትሟል። የእርሻ መሣሪያ ምርምር ክፍሉ ደግሞ ማረሻውን ለአካባቢው በሬና አፈር ለማስማማት ደክሟል። ይህ መርሕ፣ ማለትም መሣሪያ ለተጠቃሚው ይስማማ የሚለው፣ ለማስያም መሥራት ነበረበት ባይ ነኝ።

መኪናው ለእኛ ስሌት ምን ያህል እንደሚመች በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን አጽዋማትና በዓላት በሚወጡበት የዘመን ስሌት፣ ማየት ይቻላል። ካዱ ሥራ የጀመረበትን 1960 ዓ.ም. እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7460 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ይካፈላል። 7460 በውጤት መስኮቱ ላይ ይሞላል፣ 19 በማንሻዎቹ ይያዛል፣ ሠረገላው ወደ መቶ ቤት ይገፋል፣ መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ሦስት ዙር ይበቃል፤ በአራተኛው ደወሉ ያቃጭላል፤ ከሚገባው በላይ ተቀንሷል ማለት ነው። አንድ ዙር ወደ ፊት ተመልሶ ሠረገላው ወደ አሥር ቤት፣ ቀጥሎም ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ መቁጠሪያው 392 ያሳያል፤ በውጤት መስኮቱ 12 ይቀራል። ከ12 አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው ቀሪ 1፣ እሱ ከ30 ሲቀነስ የሚገኘው መጥቅዕም 29 ይሆናል።

ባሕረ ሐሳብ የሚኖረው በቀሪው ነው፤ ድርሻውን አይፈልገውም። ተራ የኪስ ካልኩሌተር 392.63 ብሎ ቀሪውን በነጥብ ውስጥ ይደብቀዋል። ኦድነር ቀሪውን እንዳለ ያስቀምጠዋል። ሰብሳቢዎች ስለ ቀለሙና ስለ ድምፁ ሲያወሩ ይህን ችሎታ ሲያነሡ አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

ሊሻሻል የሚገባው የቁጥሩ ገጽ ነው። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውምና ለመንኮራኩር አይመችም ሊባል ይችላል። እኔ አልስማማም፤ አኃዙ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚሄድ አንዱ መንኮራኩር ከ፩ እስከ ፱፣ ጎረቤቱ ከ፲ እስከ ፺ ይቀረጽበታል፤ በዜሮ ፈንታ ባዶ ቦታ ይተዋል። በጥንዶቹ መካከል ፻ እና ፼ በተራ ይቆማሉ። እንግዲህ 7460 ፸፬፻፷ ተብሎ ይነበባል። ችግሩ ለምሳሌ በ10,007 ላይ ይታያል፤ ትክክለኛው ጽሕፈት ፼፯ ሲሆን፣ ፻ በቋሚነት ከተቀረጸ ግን ፩፼፻፯ ሆኖ 10,107 ይነበባል። ስለዚህ ፻ በትንሽ መከለያ ሥር ተቀምጦ፣ የመቶ ቤት ጥንድ ባዶ ካልሆነ ብቻ መከለያው እንዲገለጥ በሁለቱ መንኮራኩሮች መታዘዝ አለበት። ለ፼ም ተመሳሳይ መከለያ ያሻል፤ ከሚሊዮን ጀምሮ ግን የራሱ ጥንድ ባዶ ቢሆንም ፼ መታየት አለበት። መቶን ፩፻ ብሎ ማሳየቱ ግን ከተለመደው ፻ ቢለይም አያሳስትም። መኪናው ቀድሞውንም የአሥር ተሸካሚ ጥርስ ስላለው፣ መከለያ መጨመር ከጥበቡ በላይ አይደለም።

በአሰላም ሆነ በሌላ ከተማ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ በመጋዘናችሁ ባለ መዘውር ማስያ ካለ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በኪሎ አትሽጡት። መለያ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ይሠራበት የነበረውን ሰው በሕይወት ካለ ጠይቁ፣ ከዚያም ለሙዚየም ወይም ባሕረ ሐሳብ ለሚማሩ ተማሪዎች ስጡት።