«ልዩ ልዩ ስሕተቶች ታርመዋል» ብሎ ነገር! ስለ ፋይል ማመሳሰያ መሣሪያዎችና ስለ ለውጥ ዝርዝራቸው

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ለፖለቲከኞቻችንና ለድርጅቶቻችን ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ሁላችንም «እሺ» የሚለውን ተጭነን ስለምናልፈው አንድ ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዲስ ዕትም ሲወጣ ምን እንደተለወጠና የትኛው ስሕተት እንደታረመ ስለሚገልጸው ዝርዝር። «ደግሞ በዚህም ሂስ ይጻፋል እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አራት ደብተር ባይጠፋብኝ ኖሮ እኔም ይህንኑ እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ታላቅ ወዳጃችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእጃቸው የጻፏቸው 12 ደብተሮች ትተው አለፉ። ስለ ትምህርት ቤት ዘመናቸው፣ ስለ እስር ዓመታታቸውና ስለ ስደታቸው የከተቡባቸው ናቸው። እኔ ከአሜሪካ፣ አንድ ወዳጄ ከጀርመን፣ አንዲት እኅታችን ከስዊድን ሆነን ደብተሮቹን ገጽ በገጽ በስካነር አንሥተን በጋራ ማኅደር አስቀመጥናቸው። ዋናዎቹን ለቤተሰቡ መለስን። ማኅደሩን በሦስታችንም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያቆየው አንድ የማመሳሰያ ፕሮግራም ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጠባዩ የብዙዎቹ ነውና።

የጀርመኑ ወዳጄ ኮምፒዩተሩ ሲሞላበት ማኅደሩን ከራሱ ላይ አነሣ። በቀድሞው ዕትም ያ ቁልፍ የሚያጠፋው የራስን ቅጂ ብቻ ነበር። በአዲሱ ዕትም ግን ከሁሉም ዘንድ የሚያጠፋ ሆኖ ኖሯል። የእሱ ጠፋ፤ የእኔም ጠፋ፤ የእኅታችንም ጠፋ። ፕሮግራሙ የተሰረዘውን 30 ቀን ያቆያል፤ እኛ ያወቅነው በሁለተኛው ወር ነው። «የራሴን ብቻ ነው ያነሣሁት» ብሎ ቢምልም የሚያምነው አላገኘም። ሦስታችንም ተኳረፍን። ከሳምንታት በኋላ የዚያን ዕትም የለውጥ ዝርዝር ፈልጌ አነበብኩት። ጠቅላላው ይህ ነበር፦ «ልዩ ልዩ ስሕተቶች ታርመዋል፤ ፍጥነት ተሻሽሏል።»

ሌላ የለም! የሰው ልፋት የሚያጠፋ ለውጥ «ልዩ ልዩ» በምትባል ቃል ተሸፍኖ አለፈ። ወዳጄን ይቅርታ የጠየቅሁት ያን ቀን ነው።

ማመሳሰል ማስቀመጥ አይደለም

ለመሆኑ ማመሳሰያ ፕሮግራም ምን ይሠራል? ብዙዎቻችን መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥልን ይመስለናል። አይደለም። ሥራው ሁለት ቦታዎችን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። ፋይሉ እኔ ዘንድ ኖሮ አንተ ዘንድ ከሌለ ነገሩ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ወይ እኔ አዲስ ፈጥሬዋለሁ፣ ወይ አንተ ሰርዘኸዋል። በመጀመሪያው ትርጉም ወደ አንተ መላክ አለበት፤ በሁለተኛው ከእኔም ዘንድ መጥፋት አለበት። ፕሮግራሙ ይህን ሊለይ የሚችለው ያለፈውን ካስታወሰ ብቻ ነው። የጠፋውን ለማጥፋት እንኳ የጠፋውን ማስታወስ ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ የእነዚህ መሣሪያዎች የለውጥ ዝርዝር መመዘን ያለበት በዚህ ነው፤ ምን እንደሚሰርዙ፣ መቼ እንደሚሰርዙና ምን እንደሚረሱ በግልጽ ይነግረናል ወይስ አይነግረንም?

ስሕተትን በቀኑ መጻፍ

አርሲንክ የተባለውን መሣሪያ በ1996 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረቡት አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ናቸው። ትሪጅል ዘዴውን በ1999 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ተንትኖታል። ፋይሉ በቁራጭ በቁራጭ ይከፈላል፤ ለየቁራጩ እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር ቁጥር ይሰላል፤ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች አሻራ አመሳክረው የተለያየውን ብቻ ይላላካሉ። በቀጭን የስልክ መስመር ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

እኔን የገረመኝ ግን የለውጥ ዝርዝሩ ነው። በማርች 2008 የወጣውን 3.0.0 ተመልከቱ። የምሥራቹ ብዙ ነበር፤ ከዚያ በፊት የፋይሎቹን ዝርዝር ጨርሶ ሳይሰበስብ ሥራ የማይጀምረው መሣሪያ፣ ከዚህ ዕትም ወዲህ እየሰበሰበ መላክ ጀመረ። ዝርዝሩ ግን በምሥራቹ አልከፈተም። በመጀመሪያ ያስቀመጠው የጠባይ ለውጦችን ነው። ከነሱም አንዱ የመሰረዝ ጉዳይ ነው፤ ሰርዝ ተብሎ ሲታዘዝ ቀድሞ ሳይልክ በፊት ይሰርዝ የነበረው፣ ሁለቱም ወገን አዲሱን ዕትም ከያዙ እየላከ በየመሐሉ የሚሰርዝ ሆነ። ጀርመን ያለው ወዳጄ ያጣው እንዲህ ያለችውን አንዲት አረፍተ ነገር ነው።

ስሕተት ሲገኝስ? በዲሴምበር 2003 ሰርጎ ገቦች በ2.5.6ና ከዚያ በፊት በነበሩት ዕትሞች የነበረውን ቀዳዳ ከሊኑክስ ከርነል ቀዳዳ ጋር አጣምረው አንድ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአርሲንክ አገልጋይ ሰበሩ። ሠሪዎቹ ሳይውል ሳያድር 2.5.7ን አወጡ። መግለጫቸውም ጉድለቱ የትኞቹን ዕትሞች እንደሚነካ፣ አደጋው በአገልጋይነት የሚያሠሩትን እንደሚመለከትና ምን መደረግ እንዳለበት ለይቶ ተናገረ። ቀበሮ ከገባ በኋላ ቢሆንም በጎቹን ቆጥረው በሩን አሳዩ።

በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ሌላ መጣ። 3.4.0 ስድስት የደኅንነት ጉድለቶችን አረመ፤ የከፋው ከ10 ነጥብ 9.8 የተሰጠው ነበር። ታሪኩ ለማንም ትምህርት ይሆናል። ጠንካራና ረዘም ያሉ የአሻራ ዓይነቶች ሲጨመሩ አሻራው የሚቀመጥበት ሣጥን በ16 ባይት ልኩ ቀርቶ ነበር። እስከ 64 ባይት የሚደርስ አሻራ በ16 ባይት ሣጥን ሲፈስ 48 ባይቱ ወደማይገባው ቦታ ይተርፋል። ቤቱን እናጠንክር ሲሉ የገባ ቀዳዳ መሆኑ ነው። ሠሪዎቹ ይህን አልደበቁም። እንዲያውም የኮምፒዩተር አስተዳዳሪዎች አገልጋዮቻቸው መታደሳቸውን በቀላሉ እንዲያዩ የመነጋገሪያ ደንቡን ቁጥር ወደ 32 ከፍ አደረጉት። ወዲያው ተከትሎ 3.4.1 ወጣ፤ ለምን ቢባል 3.4.0 ራሱ ያመጣቸውን ስሕተቶች ለማረም! ትናንት ያወጣሁት እርማት ስሕተት ነበረበት ብሎ በማግስቱ በራስ ስም መጻፍ ቀላል ነው ትላላችሁ?

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ አንድ ነቀፋ አለኝ። የአርሲንክ ዝርዝር የተጻፈው ለአዋቂዎች ነው። እየላከ ይሰርዛል ይላል፤ መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ምን ይገጥመኛል የሚለውን ግን አንባቢው ራሱ ማስላት አለበት። እውነቱ ተነግሯል፤ ትርጉሙ ግን አልተነገረም።

15 ወር ያልተገናኘ እንግዳ

ይህ ነቀፋ ይበልጥ የሚጎላው በሌላው መሣሪያ፣ በሲንክቲንግ ላይ ነው። አርሲንክ በታዘዘ ጊዜ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጣል፤ ሲንክቲንግ ግን ያለማቋረጥ በሁሉም ወገን ያመሳስላል። ስለዚህ የግድ ያስታውሳል፤ መዝገብ አለው። በኦገስት 2025 የወጣው 2.0 መዝገቡን በአዲስ ዓይነት ተካው። ከዚያም አንድ ከባድ ነገር አለ፤ የተሰረዙ ፋይሎች ትዝታ ለዘላለም መቀመጡ ቀርቶ ከ15 ወር በኋላ ይረሳል። ይህን ለማስረዘም ወይም ለማስቀረት የሚያስችል ትእዛዝም አብሮ ተገልጿል።

ግልጽነቱ የሚመሰገን ነው። ለውጡም ምክንያት አለው፤ የሙታንን መዝገብ ተሸክሞ መኖር ለማንም ከባድ ነው። ነገር ግን ተራው ተጠቃሚ ከዚያ አረፍተ ነገር ምን ይረዳል? በሰው ቋንቋ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ ከ15 ወር በላይ ጠፍቶ የኖረ ኮምፒዩተር ተመልሶ ቢገናኝ ሌሎቹ የሰረዙትንና የረሱትን ፋይል እንደ አዲስ ይዞባችሁ ሊመጣ ይችላል። ከአገሩ ርቆ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት ያን ያህል አስቸጋሪ አልነበረም። ብዙ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ እንግዳ፣ ሌላው የተወውን ጠብና የረሳውን ወሬ ትኩስ አድርጎ ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለንና።

የእኛም ነገር የተቃና የመሰለው በእንዲህ ያለ እንግዳ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ። ልከፍተው ስል አንድ የሙያው ሰው በስልክ «ኢንተርኔቱን ሳታጠፋ እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸብኝ። የእኛ ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚያስታውስ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ሲገናኝ ደብተሮቹን ይመልስልን ወይስ እሱም ይሰርዛቸው፣ የሚያውቅ አልነበረም። የቤቱን መስመር ነቅዬ አበራሁት። ስምንት ደብተሮች በቦታቸው ነበሩ። የቀሩት አራቱ የተነሡት ላፕቶፑ ምድር ቤት ከወረደ በኋላ ነው። ዋናዎቹ ወደ ቤተሰቡ ተመልሰው በየልጁ ቤት ተበትነዋል፤ አራቱን እስከ ዛሬ እየፈለግን ነው።

የእኛው ፊደል

አንድ የእኛው ጣጣም አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ዕትም 3.0 ነው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ዊንዶውስ እስከ 255 ፊደል የሚደርስ የፋይል ስም ይቀበላል፤ ብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ግን የሚቆጥሩት 255 ባይት ነው። 255 ለ3 ሲካፈል 85 ይሆናል። የማኅበሮቻችንን ሙሉ ስም፣ የጉባኤውን ተራ ቁጥርና «ቃለ ጉባኤ» የሚለውን ጨምሮ ፋይሉን የሰየመ ጸሐፊ ከ85 ፊደል ቢያልፍ አይደንቅም። ከዚያ ፋይሉ አንዱ ዘንድ ይኖራል፣ ሌላው ዘንድ አይደርስም። ደግሞም አንዱ «ዓለም» ሌላው «አለም» ብሎ ቢሰይም ለእኛ አንድ ነው፤ ለማመሳሰያው ግን ሁለት ፋይል ነው። ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ እኛ ያላስተካከልነው ነው። ነገር ግን አልሄድ ያለ ፋይል ሲኖር በግልጽ መናገር የመሣሪያው ግዴታ ነው።

ማን ያነበዋል?

«ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ እኔም አላነበብኩም ነበር። የጀርመኑ ወዳጄ ግን ቢፈልግም የሚያነበው አልነበረም። ልዩነቱ ይህ ነው። የተጻፈ እርማት ሺህ ሰው ባያነበው እንኳ አንዱ አንብቦ ሌላውን ያስጠነቅቃል። ያልተጻፈ እርማት ግን ወዳጆችን ያኳርፋል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ የለምና።

የቀደሙት መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ የእርማት ገጽ ይገኝባቸው ነበር፤ ገጹ፣ መስመሩ፣ ስሕተቱና እርማቱ ተለይተው። ደራሲው በዚያ ገጽ አላፈረበትም። ዛሬ በየማኅበራችን «መተዳደሪያ ደንቡ ተሻሽሏል» ተብሎ ሲታወጅ የትኛው አንቀጽ እንደተለወጠ የሚጠይቅ ስንት ነው? እኔ ራሴ አጨብጭቤ የወጣሁባቸው ስብሰባዎች አሉ።

በበኩሌ ከእንግዲህ ማኅደሬን ለሚያመሳስል ፕሮግራም ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ስሕተትህን በስሙ ትጠራለህን? «ልዩ ልዩ» ብሎ ለሚመልስልኝ አምስተኛ ደብተር አላስረክብም። ለማንኛውም ግን ስምንቱን ደብተሮች ከማንም ጋር በማይመሳሰል ዲስክ ገልብጬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። እናንተም ዛሬውኑ እንዲሁ አድርጉ።

ቸር እንሰንብት!