«አረንጓዴ» አሟሚ፦ ከስሙ ባሻገር ምን እንጠይቅ?

ከሰብል ተረፈ ምርት ጠቃሚ ንጥረ ነገር ስለማውጣት የሚጻፉ ጥናቶችን ስታነቡ አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣል፦ «አረንጓዴ አሟሚ»። ሐሳቡ ደግ ነው። ከነዳጅ የሚገኘውንና ነርቭ የሚጎዳውን ሄክሴን ትቶ በውሃ ወይም በኢታኖል መሥራትን ማን ይጠላል? ችግሩ ብዙው ጽሑፍ እዚያው ላይ መቆሙ ነው።

ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጧቸው የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆዎች 12 ናቸው። አምስተኛው ስለ አሟሚ ደኅንነት፣ ስድስተኛው ስለ ኃይል ቁጠባ ይናገራል። አምስተኛውን ጠቅሶ ስድስተኛውን መዝለል ግን ልማድ ሆኗል። ኢታኖልን መልሶ ለመጠቀም በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። አረቄ የሚያወጡ እናቶችን ስንት ማገዶ እንደሚፈጅ ጠይቋቸው! ውሃን ማትነን ደግሞ በኪሎ ከኢታኖል ከ2 እጥፍ በላይ ሙቀት ይፈልጋል።

እስቲ ነገሩን ወደ አዊ ዞን፣ ለምሳሌ ወደ አዘና እናምጣው። የአዊ ደጋ ድንች አብቃይ ነው። የድንች ልጣጭ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል አንቲኦክሲዳንት አለው፤ በውሃና በኢታኖል ቅልቅል ይወጣል። ግን ሶላኒን የተባለው መርዝም እዚያው ልጣጭ ውስጥ ነው ያለው፤ በተለይ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ በሆነ ድንች ላይ ይበዛል። አብሮ ሊወጣ ይችላል። አሟሚው ንጹሕ ሆነ ማለት የወጣው ነገር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

«ተረፈ ምርት» የሚለውም ቃል ያሳስታል። ገበሬው ቤት እኮ ገለባው የከብት መኖ ነው፤ ጭዱ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል፤ አገዳው ይነድዳል። ገለባውን ለላብራቶሪ ስንወስድ ከከብቱ አፍ ነጥቀን ነው። የውሃና የኢታኖል እውነተኛ ብልጫም እዚህ ላይ ይታያል፦ የምንፈልገው ከወጣ በኋላ የቀረው ተመርምሮ ደኅና ከሆነ፣ እንደ ጠላ አተላ ለከብት ሊመለስ ይችላል። በሄክሴን የታጠበውን ግን አሟሚው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣለት ለላም የሚሰጥ የለም።

ታዲያ ቀጣዩን ጥናት ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ስንት ኃይል ፈጀ? ከአሟሚው ስንት በመቶው ተመልሶ ተገኘ? የቀረውስ የት ገባ? እነዚህን ያልመለሰ ጥናት ጥሩ ኬሚስትሪ ሊሆን ይችላል፤ «አረንጓዴ» ለመባል ግን ገና ይቀረዋል።