ሳሙናና ጫማ ብቻ ይበቃል ወይ?
ለዝሆኔ ሕሙማን ስለሚሰጥ አነስተኛ ድጎማ የቀረበ ትችት

ሕመምተኛውን ከጎረቤቱ ጋር አቀላቅሎ ለማኖር ተብሎ በየጊዜው አነስተኛ የገንዘብ ድጎማ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የድጎማውን በጎነት ለመካድ ሳይሆን ስሙና ሥራው መጣጣማቸውን ለመመርመር ነው። ለምርመራው የተመረጠው በባላገር ዘንድ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ የሆነው፣ ሐኪሞችም ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት የእግር እብጠት ነው።

ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚይዘው ከእሳተ ገሞራ በመነጨ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር የአፈሩን ድርሻ ገልጧል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በዘር ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። እንዲህም ቢሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በሚገባ የታጠበ ሰው ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። ነገር ግን ጥናቶች ደጋግመው እንደ ገለጡት ሕሙማኑ ከጋብቻ ይገለላሉ፤ ከትምህርት ቤት፣ ከስብሰባ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የሚርቁም አሉ።

የተለመደው የድጎማ አሠራር ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ማደል፣ እንዲሁም ሕሙማኑን ለብቻቸው በማኅበር ማደራጀት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበውም ሪፖርት ስንት ጥንድ ጫማ እንደ ታደለ ይቈጥራል። ይህ ሕክምና ነው፤ ሕክምናውም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ሕክምናን «አብሮ መኖር» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ኢትዮጵያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ19ኛው አንቀጹ የሚናገረው ስለ እግር ማጠቢያ ሳይሆን በኅብረተሰብ ውስጥ ተካፋይ ሆኖ ስለ መኖር ነው።

የሕክምናውን ወሰን የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበት ሙከራ ውጤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ሳሙናውን፣ ቅባቱን፣ ፋሻውንና ጫማውን ወዲያው ያገኙት ሕሙማን በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል፣ ያላገኙት ደግሞ 24 ጊዜ ያህል አጣዳፊ የእግር ሕመም ደረሰባቸው። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በሚገባ የታከመው ሰው እንኳ በዓመት 19 ጊዜ የሚታመም ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት እርሻውን ማን ያርስለታል? አዝመራውንስ ማን ያጭድለታል?

ለጎጃም ገበሬ የዚህ ጥያቄ መልስ ወንፈል ነው። ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ ለእኔ ብትሠራ ነገ እኔ ለአንተ እሠራለሁ ማለት ነው። ተራው ሲደርስ የተኛ ሰው ግን ብድሩን አልመለሰም፤ ይህም ከተደጋገመ ጓደኞቹ ሳይጠሉት እንኳ ሊተዉት ይችላሉ። እንግዲህ መገለል የሚመጣው ከፍርሃትና ካለማወቅ ብቻ ሳይሆን ከሥራ ሒሳብም ጭምር ነው። ፍርሃትን ትምህርት ያስወግደው ይሆናል፤ የሒሳቡን ጉድለት ግን ስብከት አይሞላውም።

አነስተኛ ድጎማ ሊጠቅም የሚችለው በዚህ ቦታ ነው። ከገንዘቡ ከፊሉ ሕመምተኛው ተራው ደርሶ በተኛ ጊዜ በስሙ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ መቅጠሪያ ቢሆን፣ ሰውየው በወንፈሉ ውስጥ ባለዕዳ ሳይሆን እኩል ባልንጀራ ሆኖ ይቈያል። ገንዘቡም ለብቻው በተቋቋመ የሕሙማን ማኅበር ብቻ ሳይሆን በአካባቢው እድር በኩል ቢያልፍ ይሻላል፤ ድጎማው ባንድ ዓመት ሲያልቅ እድሩ ይኖራልና። የበሽታው ምክንያት አፈር እንጂ ጎረቤት አለመሆኑም በዚያው በእድሩ ስብሰባ ቢነገር የበለጠ ይሰማል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡ ይሆናል። አንደኛው የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው የሚለው ነው፤ እውነት ነው፤ ስለዚህ ድጎማው በተለየ መዝገብ ይያዝ፤ ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ይነበብ። ሁለተኛውና ጠንካራው ደግሞ ያገለለውን ጎረቤት የገንዘቡ አዛዥ ማድረግ ሕሙማኑን እንደገና መበደል ነው የሚለው ነው። ለዚህም መድኃኒቱ ሕሙማኑ ራሳቸው መርጠው የሚልኳቸው ሰዎች በእድሩ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው ማድረግና ይህ ሳይፈጸም ገንዘቡን አለመልቀቅ ነው። የሕሙማኑ ማኅበርም አይፍረስ፤ የሚናገርላቸው ያስፈልጋቸዋልና።

ሪፖርቱም ይለወጥ። ከጫማው ቍጥር ጎን በመጀመሪያው አጨዳ ስንት ሕሙማን በወንፈል ገቡ፣ በሁለተኛውስ ስንቶች ቀሩ፣ በማሳውም ላይ ምሳ ሲቀርብ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መሶብ የበሉት ስንቶች ናቸው ተብሎ ይጻፍ። ይህን ለመቍጠር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በየመንደሩ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ይበቃል፤ ሥራውም ለኛ ለተማሪዎች የሚከብድ አይደለም።