ከባድ ብረቶችና ቆሻሻን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች፤ በአንድ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ቶድ ሳንድሪንና ሬይና ማየር እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢንቫይሮንሜንታል ኸልዝ ፐርስፔክቲቭስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ፣ ብረቶች ባክቴሪያዎች ኦርጋኒክ ቆሻሻን በሚያፈርሱበት ሥራ ላይ የሚያደርሱትን መሰናክል የሚመረምር ነው። ጽሑፉ ሌሎች የሠሩትን ጥናት ሰብስቦ የሚመዝን እንጂ አዲስ ሙከራ የሚያቀርብ አይደለም። በአሜሪካ አገር ቅድሚያ እንዲጸዱ ከተመዘገቡት አደገኛ ሥፍራዎች 40 በመቶ የሚሆኑት በብረትም በኦርጋኒክ ቆሻሻም አብረው የተበከሉ መሆናቸውን በመግለጽ ይነሣል።

ይህ ነገር ለነቀምቴ ሩቅ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ፣ ከጊምቢ፣ ከበደሌና ከቡሬ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። መኪና በበዛበት ሁሉ ጋራዥ አለ፤ ከጋራዥም የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ይፈሳል። በዚህ ዘይት ውስጥ ፋብሪካው ሞተሩ እንዳይበላ ብሎ የጨመረው ዚንክ፣ ከሞተሩም እየተፋቀ የወጣ መዳብና እርሳስ ይገኛል። እንግዲህ ዘይቱን ሊበላ የሚችለው ባክቴሪያ ምግቡን የሚያገኘው ከመርዝ ጋር ተቀላቅሎ ነው ማለት ነው።

የጽሑፉ ዋና ብርታት ጠቅላላውን የብረት መጠንና ባክቴሪያው በእርግጥ የሚያገኘውን መጠን መለየቱ ነው። ሥራን ያግዳል ተብሎ የተመዘገበው የብረት መጠን ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው በብዙ እጥፍ የሚራራቀው ስለምን ነው? አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለባክቴሪያ ማሳደጊያ በሚዘጋጀው ፈሳሽ ውስጥ ፎስፌት ከበዛ፣ ብረቱ ከፎስፌቱ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ተመራማሪው ግን ባክቴሪያው መርዙን የቻለ መስሎት «ጠንካራ ነው» ብሎ ይጽፋል። ባክቴሪያው ግን መርዙን ከቶ አልቀመሰውም።

ይህን ያላስተዋለ ተማሪ በውሃ ምርመራም ይታለላል። ባክቴሪያ በአምስት ቀን ውስጥ የሚወስደውን ኦክሲጅን በመለካት የውሃን ቆሻሻነት የምናውቅበት ፈተና የሚሠራው ባክቴሪያው በሕይወት ሲኖርና ሲበላ ነው። ውሃው ውስጥ መዳብ ወይም ክሮሚየም ካለ ባክቴሪያው ይደነዝዛል፤ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ስለዚህ እጅግ የተመረዘው ውሃ ንጹሕ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ቆሻሻውን በዳይክሮሜት የሚያቃጥለው የኬሚስትሪ ፈተና ግን በዚህ አይሳሳትም፤ የሁለቱ ውጤት እጅግ ሲራራቅ መርማሪው መጠርጠር ይገባዋል።

ጽሑፉን የምንነቅፍበት ወይም ቢያንስ በጥንቃቄ የምናነብበት ቦታ ስለ አሲድነት የሚናገረው ነው። አሲድ ሲጨምር የብረት መርዛማነት ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል፤ የሃይድሮጅን ቅንጣቶች በባክቴሪያው ገላ ላይ የብረቱን ቦታ ይሻሙበታልና። ይሁን እንጂ ደራሲዎቹ ይህን ያዩት ካድሚየምና ናፍታሌንን ይዘው፣ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ በፈሳሽ ውስጥ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ሸክላ የለም። የወለጋ ቀይ አፈር ግን አሲድነቱ የታወቀ ነው፤ በአፈር ውስጥ ደግሞ አሲድ በሸክላው ላይ ተጣብቆ የነበረውን ብረት ይፈታዋል። እንግዲህ አሲዱ በአንድ እጁ መርዙን ይለቃል፣ በሌላው እጁ ባክቴሪያውን ይከላከላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያይል በብልቃጥ ከታየው ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በአገራችን ለአሲዳም አፈር የሚመከረው መድኃኒት ኖራ ነው። የጋራዥን አፈር ለማጽዳት የሚነሣ ሰው ኖራ ይጨምር ወይስ ይተው? ኖራው የተፈታውን ብረት ያስራል፤ የቀረውን ግን ይበልጥ መርዛማ ሊያደርገው ይችላል።

ጽሑፉ ከሚጠቅሳቸው መፍትሔዎች መካከል ባክቴሪያ ራሱ የሚሠራው ራምኖሊፒድ የተባለ ሳሙና መሰል ነገርና ሸክላ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ለእኛ ውድ ነው፤ ሸክላ ግን በእጃችን አለ። ከቡና ገለባ የተዘጋጀ ብስባሽም ብረትን ማሰር ይችላል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ዘይቱን ትቶ ቀላሉን ምግብ እንዳይመርጥ መጠበቅ ያሻል።

ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ተገልብጠው ወደ ወለጋ አፈር ሊዛወሩ አይገባም። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥናት የሚጀምር ተማሪ ጠቅላላውን ብረት ብቻ ሳይሆን በውሃ የሚሟሟውንም ይለካ፤ ከውጭ የመጣ ባክቴሪያ ሳይሆን በዚያው አፈር የኖሩትን ይፈትን፤ አፈሩንም በተፈጥሮ አሲድነቱና ኖራ ከተጨመረበት በኋላ ጎን ለጎን ያስተያይ። ይህን ያደረገ ሰው ለሳንድሪንና ለማየር ጥያቄ መልስ ይጨምራል፤ ያላደረገ ግን የሌላ አገር ቁጥር በእኛ አፈር ላይ ይለጥፋል።